በፓይተን በተሠሩ ድረ ገጾች የሞክሼ ፊደላት ፍለጋ

አንባቢ በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ፣ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበው መጽሐፍ ላይገኝለት ይችላል። ዩኒኮድ ለሞክሼ ፊደላት የተለያየ ቁጥር ስለሰጠ ኮምፒዩተሩ የድምፃቸውን አንድነት አያውቅም፤ ፓይተን የሚያቀርበው መደበኛ የዩኒኮድ ማስተካከያም አያዋህዳቸውም።

ስለዚህ ገንቢው የራሱን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይኖርበታል፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ። «ትራንስሌት» የተባለው የፓይተን ዘዴ ለውጡን በአንድ ጊዜ ይፈጽማል።

በጃንጎ ሲሠራ የተዋሐደው ጽሑፍ በተለየ ዓምድ ይቀመጣል፤ የአንባቢው ጥያቄም በዚያው ሠንጠረዥ ካለፈ በኋላ ከዓምዱ ጋር ይነጻጸራል። ዋናው ጽሑፍ ግን እንዳለ መቆየት አለበት፤ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ፈጸመ ማለት ነውና።