የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው መጻተኛ ከሕዝብ ገንዘብ ድርሻ አለውን?

«እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ይላል ያገራችን ምሳሌ። ይህ የተነገረው በደጅ ገብቶ፣ አድሮ ስለሚሄድ እንግዳ ነው። ነገር ግን እንግዳው በደጅ ሳይሆን በጓሮ የገባ፣ ከገባም በኋላ ብዙ ዓመት የተቀመጠ፣ በባለቤቱም እርሻና ሱቅ የሚሠራ፣ ልጆችም ያፈራ ቢሆን የቤቱ ጌታ ከማዕዱ ሊያካፍለው ይገባልን ወይስ አይገባም? ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች ሸንጎና ፍርድ ቤት ሲያከራክር ይገኛል። ክርክሩ በሕግም በሒሳብም ተመርምሮ ብዙ ከተጻፈባቸው አገሮች አንዱ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ስለ ሆነ፣ ነገሩን በዚያ አገር ታሪክ መመልከት ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን መነሻ ማወቅ ይጠቅማል። ከ1942 እስከ 1964 ድረስ የአሜሪካና የሜክሲኮ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት፣ የሜክሲኮ ሠራተኞች እየተመዘገቡ በአሜሪካ እርሻዎች በኮንትራት ይሠሩ ነበር። ስምምነቱ በ1964 አበቃ። በ1965 የወጣው ሕግም ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ለሚመጡ ሰዎች ከዚያ በፊት ያልነበረ የቍጥር ወሰን አደረገ። ይሁን እንጂ እርሻው ሠራተኛ መፈለጉን አልተወም፤ ሠራተኛውም መንገዱን አልረሳም። ስለዚህ ቀድሞ በወረቀት ይገባ የነበረው ሰው ያለ ወረቀት ይገባ ጀመር። ከዚህም ሌላ በቪዛ በሕግ ገብተው፣ የተፈቀደላቸው ቀን ሲያልፍ በዚያው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በ2023 የነበረውን ቍጥር 14 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ገምቶታል፤ በዚህም ግምት ውስጥ ለጊዜው እንዳይባረሩ የተፈቀደላቸው ሰዎች ጭምር ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ታላቅ ክርክር የተነሣው በትምህርት ቤት ነው። በ1975 የቴክሳስ ግዛት ሸንጎ፣ በሕግ ላልገቡ ልጆች ማስተማሪያ የግዛቱ ገንዘብ እንዳይከፈል፣ ትምህርት ቤቶችም እነዚህን ልጆች ለመቀበል እንዳይገደዱ የሚል ሕግ አወጣ። በ1977 የታይለር ከተማ የትምህርት ቤት አስተዳደር በሕግ የገቡ መሆናቸውን ያላስረዱ ልጆች በዓመት 1,000 ዶላር ካልከፈሉ እንዳይማሩ አዘዘ። ይህ ገንዘብ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የማይቀመስ ነበር። አራት ቤተ ሰቦች ስማቸው ተሰውሮ ከሰሱ። ችሎቱም እንዳይታወቁ ተብሎ ገና በማለዳ ተቀመጠ። ወላጆቹ ከፍርድ ቤቱ ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ ወይም ካገር እንደሚባረሩ አያውቁም ነበርና፣ ከመካከላቸው ዕቃቸውን በመኪና ጭነው የመጡ ነበሩ። ዳኛው ዊልያም ዌይን ጀስቲስ ለልጆቹ ፈረዱ፤ ነገሩም በይግባኝ እስከ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የበላዩ ፍርድ ቤት በሰኔ 1982 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለልጆቹ ፈረደ። የፍርዱ መሠረት በ1868 የጸናው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ነው። በዚህ ማሻሻያ የሕግን እኩል ጥበቃ የሚያዘው ቃል «ዜጋ» አይልም፤ «ሰው» ይላል። ስለዚህ በግዛቱ ውስጥ ያለ ማናቸውም ሰው፣ ወረቀት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ከሕጉ ጥላ ሥር ነው ተባለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ብሬነን፣ ልጅ ወላጁ ድንበር ተሻግሮ በሠራው ጥፋት ሊቀጣ እንደማይገባ፣ ልጆቹም ከአገሩ የማይወጡ ከሆነ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ የተናቀ ወገን በመካከል ማሳደግ ጕዳቱ ለአገሩ ለራሱ መሆኑን አስረዱ። ከተቃወሙት አንዱ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር ነበሩ። እርሳቸውም ልጆቹን ያለ ትምህርት መተው ጥበብ አለመሆኑን አልካዱም፤ ነገር ግን ጥበብ የጐደለው ሕግ ሁሉ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ አይደለም፣ የሕዝብን ገንዘብ መመደብም የሸንጎ እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡት ክርክሮችም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት አሳቦች የሚወጡ ናቸው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ሕክምና ነው። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ለሽማግሌዎች ሕክምና ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማናቸውም ሆስፒታል፣ በድንገተኛ ሕመም ወደ በሩ የመጣን ሰው ገንዘቡንና ወረቀቱን ምክንያት ሳያደርግ እንዲመረምረውና ከአደጋ እንዲያወጣው ያዛል። ሕጉ ግዴታውን ጣለ እንጂ የሚከፈለውን ገንዘብ አልመደበም። ለድኆች ሕክምና ከተመደበው ገንዘብ ለወሊድና ለድንገተኛ ሕመም የሚከፈል ቢኖርም፣ ሸክሙ በብዙ ስፍራ በሆስፒታሉና በአካባቢው አስተዳደር ላይ ቀርቷል። ከዚህም የተነሣ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፤ ይኸውም በትንሽ ዋጋ በጊዜው ሊታከም የሚችል የስኳር ሕመምተኛ፣ ለዘወትር ሕክምና በር ተዘግቶበት፣ ሕመሙ ሲጠና በብዙ ዋጋ በድንገተኛ ክፍል ይታከማል።

የሕዝቡ ቅሬታም እያደገ ሄዶ በኅዳር 1994 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ከመቶ 59 በሚሆን ድምፅ አንድ ውሳኔ አጸደቀ። ውሳኔው ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ከመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ድንገተኛ ካልሆነ ሕክምናና ከድጎማ እንዲከለከሉ፣ የትምህርት ቤትና የሕክምና ባለሥልጣኖችም የጠረጠሩትን ሰው እንዲያስታውቁ የሚያዝ ነበር። ፍርድ ቤት ወዲያው አገደው፤ በ1999ም ይግባኙ በስምምነት ቀርቶ አብዛኛው ክፍል ሳይሠራ ቀረ። ነገር ግን መንፈሱ አልቀረም። በነሐሴ 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ፈቃድ የሌላቸውን ከብዙ የፌዴራል ድጎማ ከለከለ፤ ግዛቶችም ከራሳቸው ገንዘብ ሊሰጧቸው ቢፈልጉ በግልጽ አዲስ ሕግ እንዲያወጡ አዘዘ። ይህ ጥብቅ ሕግ እንኳ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ክትባትን፣ የተላላፊ በሽታ ሕክምናንና በጥፋት ጊዜ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ርዳታን አልከለከለም። በሽታ ፓስፖርት እንደማይጠይቅ የወደብ አገር ሰው ሁሉ ያውቃልና የዚህ ምክንያት ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። «እነዚህ ሰዎች ግብር ሳይከፍሉ ይበላሉ» የሚለው አነጋገር በመዝገብ ሲመረመር አይጸናም። ዕቃ ሲገዙ የሽያጭ ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ቤት ሲከራዩ የቤቱ ግብር በኪራዩ ውስጥ አለ፤ ብዙዎቹም ከደመወዛቸው ለጡረታ ይቆረጥባቸዋል፤ ጡረታውን ግን አብዛኞቹ አይቀበሉም። የአሜሪካ የጡረታ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ2010 ከእነዚህ ሠራተኞች የገባው ገንዘብ ከወጣላቸው 12 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚበልጥ ገምተዋል። የግብር ጕዳይ የሚያጠና አንድ ተቋምም በ2022 የከፈሉት ግብር በጠቅላላው 96.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ ገምቷል።

ይሁን እንጂ ተቃራኒዎቹም ባዶ እጃቸውን አልቀረቡም። ከዚህ ግብር የሚበልጠው የሚገባው ወደ ፌዴራሉ ግምጃ ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱን የሚሠራውና የሆስፒታሉን ዕዳ የሚሸከመው ግን ብዙውን ጊዜ ግዛቱና አውራጃው ነው። የአሜሪካ ሸንጎ የበጀት መሥሪያ ቤት በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ግዛቶችና ከተሞች ከእነዚህ ሰዎች የሚሰበስቡት ግብር ለእነርሱ የሚያወጡትን ወጪ እንደማይሸፍን፣ ወጪውም በአብዛኛው ስፍራ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ አምስት በታች መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ሁለት ግምጃ ቤት ባለበት አገር አንዱ ሲሰበስብ ሌላው ሲከፍል ጠብ መነሣቱ አይቀርም። የታይለርም ሆነ የካሊፎርኒያ ቍጣ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

የልግስናን ወሰን ያሳየችውም ካሊፎርኒያ ናት። በ1994 በር ለመዝጋት ድምፅ የሰጠችው ግዛት በ2016 ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች፣ በ2020 ለወጣቶች፣ በ2022 ዕድሜያቸው 50 ለሞላ፣ በ2024 ለቀሩት ጐልማሶች በድኆች ሕክምና እንዲጠቀሙ በሩን ከፈተች። ነገር ግን ወጪው ከታሰበው በለጠ። በ2025 በበጀት ጕድለት ጊዜ፣ ከጥር 2026 ጀምሮ አዲስ ጐልማሳ እንዳይመዘገብ፣ ከሐምሌ 2027ም ጀምሮ የተመዘገቡት ጐልማሶች በወር 30 ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ። ቸርነት በሒሳብ ካልተደገፈ የሚጐዳው ተስፋ የተሰጠው ሰው መሆኑ በዚህ ታየ።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ብዙ ጊዜ ሳይጠራ የሚያልፍ አንድ ወገን አለ፤ እርሱም አሠሪው ነው። አውቆ ፈቃድ የሌለውን ሰው መቅጠር በ1986 በወጣው ሕግ ተከልክሏል፤ በዚያው ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተዋል። ነገር ግን ክልከላው በወረቀት ጸንቶ በሥራ ላይ ላላ። ሠራተኛው እንዳይከሰስ ፈርቶ በዝቅተኛ ደመወዝ ያድራል፤ ትርፉን አሠሪው ይወስዳል፤ ሠራተኛው ሲታመም ዋጋው ወደ ሕዝቡ ይላካል። ትርፉን ለብቻ፣ ኪሳራውን ለሁሉ ማድረግ በቅን ነጋዴ መዝገብ የሚጻፍ አይደለም።

እንግዲህ «ይገባቸዋልን?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል መልስ አይበቃም፤ ጥቅሙን በየዓይነቱ መለየት ያስፈልጋል። የልጅ ትምህርት፣ ነፍስን የሚያድን ሕክምናና ተላላፊን በሽታ መከላከል ለተቀባዩ የሚሰጥ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን የከተማው የራሱ ጥበቃ ስለ ሆነ፣ በወረቀት ምክንያት ሊከለከል አይገባም። በመዋጮ የሚገኝ ጥቅም ሁለተኛው ነው፤ የአንዱን ገንዘብ ተቀብሎ ብድራቱን መካድ ለመንግሥት ክብር አይሆንም። ሦስተኛው፣ ማለት በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ድጎማ፣ አንድ ማኅበር ለአባሎቹ የሚያደርገው መረዳጃ ነውና፣ ሕዝቡ በሸንጎው በኩል ወሰን ሊያደርግለት መብቱ ነው፤ ወሰን ማድረጉም ጭካኔ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ጋር መምህርንና ሐኪምን የድንበር ጠባቂ ማድረግ አይጠቅምም፤ የፈራ እናት የታመመ ልጇን ትደብቃለችና። ድንበሩን የሚጠብቅ በድንበሩ ላይ ይጠብቅ፤ የገባውን የሚመዘግብ ይመዝግብ፤ አሠሪውም የሚገባውን ይክፈል። በታይለር ከተማ በዚያ ማለዳ በተጫነ መኪና ውስጥ የነበሩት ልጆች ግን ድንበሩን ለመሻገር የመከሩም የወሰኑም አልነበሩም፤ የጠየቁትም ከሌሎች ልጆች ጋር ገብተው እንዲማሩ ብቻ ነበር።