የሮኬት ገላ ከሱቅ፤ እሳቱ ከባለሙያ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ነጋዴ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ፣ በየሱቁ የሚያገኘው ዕቃ በሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ከሚያገኘው እምብዛም አይለይም። ጣቃ ጨርቅ የተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ሲባጎ፣ ጃንጥላ፤ ሁሉም የዕለት ተዕለት ሸቀጥ ነው። እነዚሁ ዕቃዎች በሥርዓት ቢገጣጠሙ ከደመና በላይ የሚወጣ ሮኬት ገላ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለባለሱቁ ቢነግሩት፣ ምናልባት እንደ ቀልድ ይቆጥረው ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ለንግድ ሰውም ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ አለበት።

በውጭ አገር ባለ ከፍተኛ ኃይል ሞዴል ሮኬት እየተባለ የሚጠራው፣ አዋቂዎች በገዛ እጃቸው ሠርተው በገላጣ ሜዳ የሚያስወነጭፉት ነው። የሞተሮቹ ጉልበት በላቲን ፊደል ይመደባል፤ ከአንዱ ፊደል ወደሚቀጥለው በታለፈ ቁጥር የጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ጠቅላላ ግፊቱ ከ160 ኒውተን ሰከንድ ያለፈ ሞተር፣ ይኸውም ከ«ኤች» ፊደል ጀምሮ ያለው፣ ከፍተኛ ኃይል ከሚባለው ክፍል ይገባል። በአሜሪካ ይህን ዓይነቱን ሞተር ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላና በማኅበር ፊት ተፈትኖ ምስክር ወረቀት የተቀበለ መሆን አለበት።

የገላው ሥራ የአናጢንና የልብስ ሰፊን ሙያ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ልዩ ፋብሪካ አያሻውም። ወፍራሙ የካርቶን ቱቦ ግንድ ይሆናል። ክንፎቹ ከኮምፔንሳቶ ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ፣ በጠንካራ ኮላ ይጣበቃሉ። አፍንጫው ከቀላል እንጨት ይጠረባል። ብረት በተቻለ መጠን አይገባበትም፤ ሮኬቱ አደጋ ቢደርስበት ወረቀትና እንጨት ይሰባበራሉ፣ ብረት ግን ፍንጣሪው ሰው ይጎዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚዛኑ ነገር ነው። የክብደቱ ማዕከል፣ ነፋሱ ከሚገፋበት ማዕከል ቢያንስ በአንድ የቱቦ ውፍረት ያህል ወደ አፍንጫው ቀድሞ መገኘት ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ ሮኬቱ ሽቅብ መሄዱን ትቶ በአየር ላይ ይገለባበጣል። የሞተሩም አማካይ ግፊት ከሮኬቱ ሙሉ ክብደት ከሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሒሳቡ ከቆላው አገር ይለያል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲወጣ ይህ ጥቅም ነው፤ የሚያግደው አየር ስለሚያንስ ሮኬቱ ከፍ ይላል። ሲወርድ ግን ያው የሳሳ አየር ፓራሹቱን በሚገባ አይደግፈውም። ከጃንጥላ ጨርቅ የተሰፋው ፓራሹት፣ በምጽዋ ወደብ እንደሚወርደው በዝግታ እንዲወርድ ከተፈለገ፣ ስፋቱ በሲሶ መጨመር አለበት። ጨርቅ ለክቶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህ ስንት ክንድ እንደሆነ ወዲያው ያሰላዋል።

ገላው ወረቀት ሆኖ ሳለ ሥራውን መፈጸሙ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። መድፍ ጥይቱን ሲተፋ ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ስለዚህ ከባድ መሆን አለበት። ሮኬት ግን የሚገፋውን እሳት በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ፣ የሚነሣበት ቱቦ አቅጣጫ ከማሳየት በቀር የሚሸከመው ነገር የለም። በሊማሊሞ ዳገት ጭነት ያስወጣ ሰው የዚህን ልዩነት ዋጋ ያውቀዋል። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ቅፍለት በዚሁ ዳገት ይወጣ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ሲያልፍበት የቀረጥ ኬላ አግኝቶበታል።

ከደባርቅ ማዶ፣ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያም አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ መድፍ በተመኙ ጊዜ የባሕሩ በር በሌላ እጅ ነበር፤ ስለዚህም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ መድፍ ሠርተው የማያውቁትን የእጅ ሥራ ሚሲዮናውያን፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ አስገድደው አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለመጎተት መንገድ እየተጠረገለት ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጭፍራ ያወጣው ግን በበቅሎ የተጫነ የሮኬት ቱቦ ነበር። አንዱ ወገን ግማሽ ዓመት የጎተተውን፣ ሌላው በጭነት በቅሎ አመጣው።

ከዚያው ቀን ሌላም ትምህርት ይገኛል። በንጉሡ ስም «ቴዎድሮስ» ተብሎ የተሰየመው መድፍ በአጎራረስ ጉድለት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። መድፉን ማቅለጥ ተችሎ ነበር፤ የባሩዱን ልክ መጠበቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። በሞዴል ሮኬትም ነገሩ ይኸው ነው። ሞተሩ እሳቱን አፍኖ በልክ የሚያወጣ ዕቃ ነውና፣ ጥቂት ስንጥቅ ወይም ትንሽ የልኬት ስሕተት ቢኖርበት ከሮኬትነት ወደ ቦንብነት ይለወጣል።

ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች በየጓዳቸው ቅመም እየደባለቁ ሞተር ለመሥራት ሲሞክሩ ብዙዎች ተጎድተዋል። መፍትሔው የመጣው ከጫማ ነጋዴ መሆኑ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ሳያስደስተው አይቀርም። በነብራስካ ክፍለ ሀገር በኖርፎክ ከተማ የጫማ ሱቅ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ርችት ይወድ ነበር፤ ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ትንንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ያበር ነበር። ሁለቱ በ1954 የወረቀት ገላ፣ የሚለወጥ ሞተርና ፓራሹት ያለው ሮኬት ሠሩ። ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት መሐንዲስ በ1957 ስለ ወጣቶቹ አደጋ የጻፈውን ካርላይል አንብቦ ናሙናውን ላከለት። ስታይንም ይህን ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ፤ ሞተሩ ግን በእጅ እየተሠራ ገበያውን አላዳረሰም። በኮሎራዶ የርችት ሠሪ ልጅ የነበረው ቨርን ኤስቲስ ጥሪውን ተቀብሎ፣ በየ5 ሰከንድ ተኩል አንድ ሞተር የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ገዢው ገላውን በቤቱ ይሠራል፤ እሳቱን ግን ተፈትኖና ታሽጎ ከፋብሪካ ይገዛል። ሥራው በሁለት ተከፍሎ ንግድ ሆነ፤ አደጋውም እጅግ ቀነሰ።

ለኢትዮጵያ አስመጪ ነጋዴ ጭንቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቱቦውና ኮምፔንሳቶው ከመርካቶም ሆነ ከጎንደር ይገኛል። የፋብሪካው ሞተር ግን በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ደንብ ከፈንጂ ዕቃዎች መደብ የሚገባ ነው። በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ስለዚህ «ከውጭ የሚመጣው ዘመዴ ይዞልኝ ይምጣ» የሚባል ነገር አይሠራም። ዕቃውን ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ትእዛዝ ከማስተላለፉ በፊት የመንግሥትን ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን ከቆመ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ መሮጥ ኪሳራ ነው። ሞተሩ አልመጣምና በቤት እንሥራው የሚል ወጣት ሱቅ ገብቶ ቅመም ቢጠይቅ ደግሞ፣ ባለሱቁ ለምን እንደሚፈልገው ቢመረምረውና ቢመክረው የሚያጣው የጥቂት ብር ትርፍ ብቻ ነው።

የቦታውም ነገር መታሰብ አለበት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የዋልያ መኖሪያ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎ የፓርኩን ሣር ሲበላ፣ ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ርዳታ መጥቶ ነበር። በበጋ በደረቀ ሣር ላይ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ምን እንደሚያደርግ የደባርቅ ገበሬ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

እሳት የሌለው ሮኬትም አለ፤ ከቤት ዕቃ ብቻ የሚሠራው በእርግጥ ይህ ነው። ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ውኃ ይሞላል፤ የካርቶን ክንፍ ይለጠፍበታል፤ አፉ የጎማ መንፊያ መርፌ በተሰካበት ቡሽ ይደፈናል። በብስክሌት መንፊያ አየር ሲሞላበት ቡሹ ይፈናጠራል፤ ውኃው ወደ ታች፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ። የሚነፋው ሰው ራቅ ብሎ በረጅም ጎማ ይንፋ፤ የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ ጠርሙስም አይጠቀም። ዋጋው የአንድ ለስላሳ ነው፤ መንፊያውን ደግሞ ማንኛውም ብስክሌት አከራይ ለአንድ ሰዓት ያውሳል።