ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር በኒያላ ፊደል

በባሌ ደጋ፣ ከሮቤ ወጣ ብሎ በዲንሾና በጋይሳይ መስክ የሚሰማራው፣ በ10 ሳንቲማችን ላይም ተቀርጾ የምናውቀው የደጋ አጋዘን፣ ማለትም ኒያላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለወጣውና ጆን ሃድሰን ከጄራልዲን ዌድ ጋር ላዘጋጀው የኮምፒዩተር ፊደል ስሙን አውሶታል፤ «ኒያላ» የተባለውም ፊደል፣ ወፍራሙን መስመር ከቀጭኑ አጥርቶ የሚለይ በመሆኑ፣ ከብርዕ ጽሕፈት ወገን የሚቈጠር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ፊደል መልክ የሚወለደው ከመሣሪያው ነውና፣ ቁም ጸሐፊ የመቃ ብርዑን ጫፍ ሰፋ አድርጎ ቈርጦ፣ ጥቂት አዘንብሎ በብራናው ላይ ባሳረፈው ጊዜ፣ ወደ ታች የሚወርደው እግር ይወፍራል፣ ወደ ጎን የሚሳበው ይቀጥናል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከንም በሮማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መንፈሳውያን ግዕዝን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በዚያው ከተማ ባሳተመ ጊዜ፣ የእርሳሱ ፊደል መምህር ያው የብርዕ ጽሕፈት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በፓሪስ ዲዶ፣ በፓርማም ቦዶኒ የቀረጹት የላቲን ፊደል ግን ብርዑን ትቶ መዳብ የሚወቅረውን ስለታም ብረት ስለተከተለ፣ ወፍራሙ ዘንግ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አገናኙ መስመርና ከግርጌው የሚዘረጋው ትንሽ እግር ደግሞ የጠጕር ያህል ይረቃል፤ «ቮግ»ን የመሳሰሉ የፋሽን መጽሔቶች ስማቸውን በሽፋን ላይ የሚጽፉበት ይህ ነው።

ይህን ረቂቅነት ወደ እኛ ፊደል እንዳለ ለማምጣት የሚሻ ሰው ግን ቢጠነቀቅ ይበጀዋል። በላቲኑ ቀጭኑ መስመር ቢጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚጐድለው ውበት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ካዕቡን ከግዕዙ የሚለየው ያው በጎን የወጣ ትንሽ መስመር ስለሆነ፣ ቀለሙ በደከመ የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ላይ «ቡና» ያለ ምንም ተቃውሞ «በና» ይሆናል። ስለዚህ ረቂቁ ፊደል ለሠርግ ጥሪ፣ ለመጽሐፍ ርእስና ለመጽሔት ሽፋን ያምራል፤ ለመድኃኒት ማዘዣና ከሩቅ ለሚነበብ ታፔላ ግን፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ፈጽሞ አይመረጥም።

በሮቤና በጎባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈው የኦሮምኛ ቁቤና የግዕዙ ፊደል በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ፣ አንዱ ወፍሮ ሌላው ከስቶ፣ ሰሌዳው በሁለት እጅ የተጻፈ ይመስላል። ኒያላ ሁለቱንም ፊደላት በአንድ አሳብ ስለያዘ ይህን ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን በዊንዶውስ 10 ላይ ከተጨማሪ ፊደላት ጋር ለብቻው የሚጫን ስለሆነ፣ በቦታው ኤብሪማ የሚባለው፣ ከግርጌው የሚዘረጋ ትንሽ እግር የሌለውና መስመሩ ሁሉ እኩል የሚወፍር ፊደል ቀድሞ ይመጣል። ለማስታወቂያ ሰሌዳው ኤብሪማ ይብቃ፤ ለጥሪ ወረቀቱ ግን ኒያላን አስጭኖ፣ በሚታተምበት ወረቀትና መጠን አንድ ናሙና አውጥቶ፣ «ሉ»፣ «ሱ» እና «ቡ» ክንዳቸውን አለመጣላቸውን መመልከት ያስፈልጋል።