የአባታችን ቶዮታ ሁለት ሞተር

ቁራሌው ሚዛኑን ይዞ ነበር የመጣው። ነገሌ ቦረና በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ፣ መጋዘኑ ጥግ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ሃያ ዓመት ያህል የተቀመጠውን ሞተር በኪሎ ሊገዛን ነው። እናቴ ቦታው ለእህል ስለሚፈለግ ተስማምታለች። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ «እንዳትነኩት!» ይላል። አባባ ዝም ብሏል። እኔ የሄድኩት ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ነበር፤ ዕረፍቱ በግራሶ አለቀ።

መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፣ ኤፍጄ 45 የሚባለው ዓይነት። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ቱ ኤፍ የተሰኘው የቤንዚን ሞተር ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። በጉልበቱ የሚታማ አይደለም። ችግሩ ጥማቱ ነው። አባባ ስኳርና ጨርቅ ጭኖ ወደ ፊልቱ፣ አልፎ አልፎም ገናሌና ዳዋ እስከሚገናኙባት ዶሎ አዶ ድረስ ይወርድ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ትልቅ የቤንዚን ሞተር መንዳት ማለት ከዕቃው እኩል በርሜል ነዳጅ መጫን ማለት ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቤንዚን ቶሎ የሚተን ነዳጅ ስለሆነ፣ በቆላ ቀትር ሞተሩ ሲግል በቧንቧው ውስጥ እንዳለ ወደ እንፋሎት ይቀየራል። የነዳጅ ፓምፑ እንፋሎት መግፋት አይችልምና መኪናው ቀጥ ይላል። የቆላ ሾፌሮች መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ። ለዚያ የሚፈሰው ግን የመጠጥ ውሃ ነው። በዚህ አገር ውሃ ቀልድ አይደለም። በጥር 1966 በነገሌ የነበሩት ወታደሮች ያመፁት በምግብና በውሃ ችግር ነው፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ነበር። የዚያ ዓመት አብዮት ሲተረክ የነገሌ ስም የሚነሳው በዚህ ነው።

ስለዚህ አባባ አንድ ቀን አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከሶማሌ ተራ ቱ ኤች የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ገዝቶ ተመለሰ። ሞተር መቀየር ሲባል አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። የሞተር ማሰሪያው፣ ራዲያተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የተረፈ ናፍጣ ወደ ሰልባትዮ የሚመልሰው ቧንቧ ሁሉ አብሮ ይስተካከላል። አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች የሚነሱት በ24 ቮልት ስለሆነ ባትሪም ሊጨመር ይችላል። የቮልስ ባለቤቶች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፣ ራዲያተር የሚባል ነገርም የለበትም።

አሁን ያስጨነቀን ናፍጣው ማጨስ መጀመሩ ነው። ወንድሜ አጋጣሚውን ተጠቀመበት። ሐሳቡ ናፍጣውን ሸጠን፣ ኦሪጅናሉን አሳድሰን፣ መኪናዋን አዲስ አበባ አምጥተን ቅዳሜና እሁድ እንድንንሸራሸርባት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏልና ያለውን ማሳደስ ያዋጣል ይላል። በውጭው ዓለምም ሰብሳቢዎች ከፋብሪካ ሞተሩ ጋር ላለ አሮጌ መኪና የበለጠ ይከፍላሉ። ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና ይዞታው ከታሪኩ ጋር የሚስማማ እንዲሆን ይፈልጋል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ወደ ወንድሜ አድልቶ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ።

ከስሜቱ በፊት ግን ወረቀቱ ነበረ። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ይሰፍራል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምዝገባውን የሚገዛው ሕግ ነው፤ ሞተር ሲቀየርም ለውጡ መመዝገብ አለበት። የእኛን ሊብሬ አወጣን። ከዚያ በነጭ ጋዝና በብሩሽ የመጋዘኑን ሞተር ብሎክ ፈትገን ቁጥሩን አነበብን። ሊብሬው ላይ ያለው ይኸው ቁጥር ነው! በሕግ ዓይን መኪናዋ ዛሬም የምትሄደው ከረጢት ለብሶ በተቀመጠው ሞተር ነው። ቁራሌው በኪሎ ሊወስደው የነበረው እሱን ነው። መኪናዋን መሸጥ ወይም ስም ማዛወር ብንፈልግ ምን ይገጥመን እንደነበር አስቡት።

ሞተሩ ይዞር እንደሆነ ማወቅም ነበረብን። የጋራዡ ባለቤት ካንዴላዎቹን ስድስቱንም ፈትቶ በየቀዳዳው የሞተር ዘይትና ናፍጣ ቀላቅሎ አፈሰሰ። «በባትሪ እንዳትሞክሩት፣ ፋሻውን ትሰብሩታላችሁ» ብሎን ሄደ። በሦስተኛው ቀን በትልቅ ቁልፍ በእጅ ሲያዞረው መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ ዙር ዞረ። ወንድሜ በቪዲዮ እያየ ጮኸ። ሰውዬው ግን አልተደነቀም። መዞሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ቴስታታው ተከፍቶ ሲሊንደሩ ሳይታይ ወጪውን የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወደ ናፍጣው ዞረ። አስነስቶ ጭሱን አየና «ጥቁር ነው» አለ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ይበላል ማለት ነው፣ ሞተሩን ማውረድ ሊመጣ ይችላል። ጥቁር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኖዝል ወይም አየር ካጣ ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው የዓመታት አቧራ ጠጥቶ ነበር። እሱ ተቀየረ፣ ኖዝሎቹ ተፈትሸው ሁለቱ ተተኩ፣ ጭሱም ቀነሰ። ሞተር ልንቀይር የተነሳነው በፊልትሮና በሁለት ኖዝል ምክንያት ነበር።

ያን ጊዜ ነው አባባ ዝምታውን የተወው። «ልጄ፣ መኪናዋን ማን ሊነዳት ነው? የት?» አለኝ። የምትነዳው የአጎቴ ልጅ ናት፤ በየሳምንቱ ለከብቶቹ መኖና ውሃ የምታመላልሰው በእሷ ነው። አዲስ አበባ ብንወስዳት እኛ የምናገኘው የእሁድ ሽርሽር ነው፤ እሷ ግን ሥራዋን ታጣለች። ወንድሜ ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «እሺ፣ ግን ሞተሩ አይሸጥም» አለ። በዚህ ማንም አልተከራከረም።

ናፍጣው ባለበት ቀረ። አባባ የሶማሌ ተራውን የግዢ ውል በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ጠብቆ ስላቆየው ለምዝገባው የምንጀምርበት ሰነድ አለን። አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ውሉን ከሞተሩ እኩል ይጠብቅ።

ኦሪጅናሉን ደግሞ እንደገና አስቀመጥነው፣ አሁን በወጉ። ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ሲሊንደሮቹ ዘይት ጠጥተው፣ ካንዴላዎቹ ተመልሰው፣ አቧራና ምስጥ እንዳይገባበት ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በብረት መቀመጫ ላይ። በየሁለት ወሩ አንድ ሰው በእጅ ያዞረዋል። ቁራሌው አንድ የተበሳ ራዲያተርና ሁለት የዛገ ቸርኬ ገዝቶ ሄደ። እናቴ የእህል ቦታዋን አሁንም ትጠይቃለች።