ቤተ እስራኤልን ማን ይወክላል?

የእንግሊዝ አይሁዶች ከ1760 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወካዮች ቦርድ አላቸው፤ የፈረንሳዮቹን ናፖሊዮን በ1808 በማዕከላዊ ጉባኤ አደራጅቷቸዋል። ይህ ለላፍቶ ኦርቶዶክስ ምእመን እንግዳ አይሆንበትም። የእሱም ሰበካ ጉባኤ ደረጃ በደረጃ እስከ ጠቅላይ ቤተ ክህነት ይዘልቃል። የኢትዮጵያ አይሁዶች የሆኑት ቤተ እስራኤሎች ግን እንዲህ ያለ መዋቅር ኖሯቸው አያውቅም።

በጎንደር ዙሪያ ሥልጣኑ በየአካባቢው የተበተነ ነበር። ቄሶቹን የሚያስተምሯቸው መነኮሳት ነበሩ፤ ቄሶቹ ከመካከላቸው አንዱን የአካባቢው ሊቀ ካህናት ያደርጉ ነበር፤ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ይገባ ነበር። በ1862 አባ ማሃሪ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሱ የሾማቸው ጉባኤ አልነበረም፤ ሕዝቡ ያመነው ሰውየውን ነው። ብዙዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ቆይቶ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ሲመጣ ምንኩስናው ተዳከመ፣ ሸክሙም በቄሶቹ ላይ ወደቀ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ዓይነት ቃል አቀባይ ብቅ አለ፤ ቋንቋ የሚያውቅ መምህር። ዮና ቦጋለ በ1979 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ለውጭ አይሁዶች ደብዳቤ የሚጽፉት፣ እንግዳ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ማንም በድምፅ አልመረጣቸውም።

የውክልናው ችግር የገነነው ቤተ እስራኤሎች እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። መንግሥት አንድ አድራሻ ይፈልጋል፤ የአይሁዶችን ጋብቻ የሚመዘግበው ደግሞ የረቢዎች ባለሥልጣን የሆነው ረቢኔቱ ነው። በ1985 ረቢኔቱ መጤዎቹ በውኃ ይጠመቁ ሲል «አይሁድነታችንን ተጠራጠራችሁ» ብለው በኢየሩሳሌም ደጃፉ ላይ ለሳምንታት ተቀመጡ። በቄሶቹና በረቢኔቱ መካከል ያለው ክፍፍል በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ታይቷል፤ አባት ራፋኤል ሃዳነ ሊቀ ካህናት ነበሩ፣ ልጃቸው ዮሴፍ ደግሞ በመንግሥት የተሾሙ የኢትዮጵያ አይሁዶች ዋና ረቢ ሆኑ።

የቤተ እስራኤሎች በዓል የሆነው ስግድ በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ያን ዕለት ነጭ የለበሱ ቄሶች በጥልፍ ጥላ ሥር ቆመው ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ፖለቲከኞችም መጥተው ይናገራሉ። በ2015 እና በ2019 በፖሊስ ጭካኔ ተቆጥተው መንገድ የዘጉት የቤተ እስራኤል ወጣቶች ግን የቄሶቹንም የማኅበረሰቡን ማኅበራትም ፈቃድ አልጠየቁም። «አንድ መሆን አቃታቸው» የሚለው ወቀሳ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ አንድ አለቃ ይኑራችሁ ያላቸው ውጭ ያለ ቢሮ እንጂ የራሳቸው ልማድ አይደለም።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ ወረፋ የሚጠብቁትም ኮሚቴ አላቸው፤ ጸሎቱንና ትምህርቱን ያስተባብራል። ማን ይሄዳል የሚለውን የሚወስነው ግን የእስራኤል መንግሥት ነው።