ስለ ጠመንጃ ጥይት አሠራርና በውስጡ ስለሚነሣው ግፊት

ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ አሮጌ ጠመንጃ በቦሌ፣ በገርጂ ወይም በኮተቤ በአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኝ ይሆናል። የቤቱም ሰዎች ለአባቶች መታሰቢያ ሲሉ በክብር ያኖሩታል። ነገር ግን ጠመንጃው የትኛውን ጥይት እንዲጎርስ እንደ ተሠራ ለይተው የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ይህን አለማወቅ ዓይንንና እጅን፣ አልፎም ሕይወትን የሚያሳጣ ስለ ሆነ፣ የጥይትን ጠባይ በአጭሩ እንገልጻለን።

ጥይት የአራት ነገሮች ድምር ነው፤ እነርሱም ከነሐስ የተሠራው ቀለህ፣ በቀለሁ ቂጥ የተሰካው ትንሽ ማቀጣጠያ፣ በውስጡ ያለው ባሩድና በአፉ ላይ የተቀመጠው ዐረር ናቸው። ምላጩ በተሳበ ጊዜ መርፌው ማቀጣጠያውን ይመታል፤ ባሩዱም ነዶ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ መውጫ ፍለጋ ዐረሩን ወደ ፊት፣ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ፣ የቀለሁን ግድግዳ ወደ ጎን ይገፋል። ቀለሁ በዚያች ቅጽበት ተለጥጦ ከጥይት ማጉረሻው ጋር ይጣበቅና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋል። ግፊቱ ሲበርድ ደግሞ ጥቂት ስለሚኮማተር በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። ነሐስ ለዚህ ሥራ የተመረጠው እንዲህ የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ ስላለው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከአባቶቻችን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ ጠመንጃው የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25 ግራም የሚመዝነውን የእርሳስ ዐረር በ5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። ጥይት በዚያ ዘመን እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ ጭምር ያገለግል ነበር።

ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጢስና ጥቀርሻ ሆኖ ስለሚቀር ግፊቱ መጠነኛ ነው። በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ይህ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ከዚህም በላይ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ቃጠሎው ይፈጥናል፤ ቃጠሎው በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ጠመንጃው በጠንካራ ብረት መሠራት፣ ዐረሩም እንዳይላጥ በሌላ ብረት መለበጥ አስፈለገው።

ከቤልጂግ አገር የመጣው «በልጅግ» የሚጎርሰው የ7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘር ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 3,900 ባር ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ያህል ብቻ እንደሚይዝ ብናስብ፣ ይህ ወደ ሁለት ሺህ እጥፍ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል በ1 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቦታ ላይ 40 ኩንታል ጤፍ እንደ መጫን ነው። ይህም ሁሉ ከአንድ ሰከንድ አምስት መቶኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

እንግዲህ ጥቁር ባሩድ እንዲችል በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ጢስ አልባ ባሩድ ቢገባ፣ ወይም ቀለሁ በማይገባው መጠን ቢሞላ፣ ወይም አፈሙዙ በዝገትና በጭቃ ቢደፈን፣ መቀርቀሪያው ተሰብሮ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። አንድ ጥይት በማጉረሻው ውስጥ ስለ ገባ ብቻ የዚያ ጠመንጃ ጥይት ነው ማለት አይደለም። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ዐረር ተመልሶ በሰው ላይ እንደሚወርድ አይዘንጋ።

ስለዚህ አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰው «ይሠራ እንደ ሆነ ልሞክረው» ከማለት ይቈጠብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ስለሚደነግግ፣ ጉዳዩን ለፖሊስ አስታውቆ በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። የአባቶች መሣሪያ የሚከበረው ታሪኩ ሲነገር እንጂ የልጅን እጅ ሲያጐድል አይደለም።