ስለ ቢስክሌት ጎማ አመራረጥና ስለ እሾህ መከላከያ

ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፣ የልጁ ባለሦስት እግር ቢስክሌት እንዳይንገጫገጭ ብሎ የሠራውን በአየር የሚነፋ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ከዚያ ወዲህ ለቢስክሌት ነጂ ምቾት የሚሰጠው አየር ነው፤ በመንገድ ላይ የሚያስቀረውም ይኸው አየር ሲወጣ ነው።

ይህ ነገር በእኛ በቆቦና በራያ ቆላ ቀልድ አይደለም። ከሮቢት አቅጣጫ በቢስክሌት ለሚመጣ ተማሪ የጎማ መተንፈስ አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ማጣት ነው፤ በፈተና ቀን ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ በዕረፍት ወራት ከአንድ ጎሚስታ ዘንድ እየሠራሁ የተማርኩትን ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ስለ አመራረጥ። በጎማው ጎን ላይ 28-622 የሚል ቢጻፍ፣ 28 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 622 ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከቸርኬው ጋር ካልተስማማ ጎማው አይገጥምም። ለእሽቅድምድም የሚሠራው 23 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚመቸው ለደኅና አስፋልት ነው። ከአስፋልት ወርደን በኮረኮንች ለምንነዳ ለእኛ ግን፣ ቢስክሌቱ የሚያስገባው ከሆነ፣ 28 ወይም 32 ይሻላል። በውስጡ እሾህ የሚከላከል ንጣፍ ያለው ጎማ ቢገኝ፣ ክብደት ቢጨምርም ይመረጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀዳዳውን መመርመር ነው። ብዙ ሰው ለጥፎ ብቻ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ግን ምክንያቱን ይናገራል። በውስጠኛው ጎማ ላይ በመንገድ በኩል አንዲት ቀዳዳ ብትታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የወጋው የግራር እሾህ ወይም ኩርንችት ነው። ሁለት ቀዳዳዎች እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን ቢታዩ፣ አየሩ አንሶ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የራጂ ጫፍ ወግቶት ይሆናልና በቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው ጥብጣብ ይታይ።

የወጋው እሾህ ከሆነ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ስባሪው በውጪው ጎማ ተሰክቶ ከቀረ፣ የተለጠፈውን ጎማ በዚያው ቀን መልሶ ይበሳዋል። ስለዚህ የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን በጨርቅ መዳበስ ያስፈልጋል፤ ጨርቁን የሚይዘው ቦታ እሾሁ ያለበት ነው።

መከላከያውም ከባድ አይደለም። አየሩን በየሳምንቱ መመልከት ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ በግምት ከ4 እስከ 5 ባር ይበቃል፤ የኋላው ከፊተኛው ጥቂት ይብለጥ። ክረምቱ ወጥቶ ኩርንችት ሲደርቅና ለአጥር የሚጎተት ግራር እሾሁን ሲያራግፍ፣ የመኪና መምጣትን እያዩ ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ገባ ብሎ መንዳት ይጠቅማል። ማታም ጎማውን እያሽከረከሩ የተሰካውን መንቀል ነው፤ እሾህ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይዘልቅም፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር እየገባ ይሄዳል እንጂ። ቢስክሌቱም በጥላ ይቀመጥ፤ የቆላ ፀሐይ ጎማን ያደርቃልና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ማታ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ ጠዋት የሚባክነውን ትምህርት ያድናል።